ለልጆች የተገለበጠ ታሪክ

ከ1861 እስከ 1865 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ600,000 በላይ ወታደሮች አልቀዋል። መንስኤው ምን ነበር? የሚሲሲፒ ግዛት በ1861 ስትገነጠል ባወጣችው መግለጫ ባርነትን ለማስጠበቅ መሆኑን በግልጽ ጽፋለች። ይሁን እንጂ ከሽንፈቱ በኋላ በደቡብ ግዛቶች የተሠራጩ በርካታ የመማሪያ መጻሕፍት ጦርነቱ ስለ ግዛቶች መብት እንጂ ስለ ባርነት አልነበረም ብለው አስተማሩ።

በጦርነቱ ማብቂያ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ነፃ ወጡ። እስከ 1877 በዘለቀው የመልሶ ግንባታ ዘመን ጥቁሮች መረጡ፤ ተመረጡም። ሃይራም ሬቨልስ በ1870 የመጀመሪያው ጥቁር የሴኔት አባል ሆኑ። መጻሕፍቱ ግን ዘመኑን የሙስናና የድንቁርና ዘመን አደረጉት። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አጋልጠዋል።

ውሸቱ በወረቀት ላይ አልቀረም። «ጥቁር ለምርጫ አይበቃም» የሚለው ትምህርት ድምፁን ለነጠቁት ሕጎች ማመካኛ ሆነ። ይህን መብት በተግባር የሚያስከብር ጠንካራ ሕግ የወጣው በ1965 ነው።

ወላጆች ሆይ! የአያቶችን ጥፋት ለልጅ በእውነት መንገር ልጁን ማሳፈር አይደለም፤ በደሉን እንዳይደግም መጠበቅ ነው። ልጆቻችን ታሪክ ሲያነቡ «ማን ጻፈው? በዘመኑ የነበሩትስ ራሳቸው ምን አሉ?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ።