«ቤቶች!» ላለ ሁሉ

ሰው ቤት ስንሄድ በሩ ላይ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። «እኔ ነኝ» እንላለን፤ ድምፃችን ከታወቀ በሩ ይከፈታል። ይህቺ አጭር ጥያቄ ጊዜ አትፈጅም፤ ቤት የሚጠበቀው ግን በእሷ ነው። ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው የቤት ውስጥ ዕቃዎችን በቀላሉ ለማገናኘት ሲሉ ይህችን ጥያቄ ስለዘለሏት መሐንዲሶችና መዝለላቸው ስላስከፈለው ዋጋ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ኢንተርኔት ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። በ1975 በስኮትላንድ፣ ግሌንሮዝስ ከተማ፣ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ኤክስ-10 የተሰኘ ዘዴ ፈለሰፈ። አዲስ ሽቦ ሳይዘረጋ፣ በቤቱ የመብራት መስመር ላይ «አብራ»፣ «አጥፋ» የሚል ምልክት ይልካል። ባለቤቱ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ያለውን ማዞሪያ እያስተካከለ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይመርጣል። 16 ፊደል በ16 ቁጥር ሲባዛ 256 አድራሻ ይሆናል። ችግሩ ምልክቱ አጥር አያውቅም። ከአንድ ትራንስፎርመር የሚጋሩ ሁለት ጎረቤታሞች ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት አድራሻ ከመረጡ፣ አንዱ ሳሎኑን ሲያበራ የሌላው መኝታ ቤት ሊበራ ይችላል። መሣሪያው ይታዘዛል እንጂ «ማን አዘዘኝ?» አይልም።

በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ሲለመድ ሰውን ያማረረው ግን ሌላ ነገር ነበር። ፕሪንተር ገዝቶ ለማገናኘት ዲስክ መጫን፣ ቁጥር መሙላት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ እሱም ካልሆነ የሚያውቅ ሰው መለመን ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 95 «ሰክቶ መጠቀም» የሚል ተስፋ ሰጠ። ተስፋው ከእውነታው ምን ያህል እንደራቀ በአደባባይ የታየው በኤፕሪል 1998 ነው። ቺካጎ ውስጥ በተካሄደው የኮምዴክስ ትርኢት ላይ ቢል ጌትስ መድረኩ ላይ ሳለ ባልደረባው አንድ ስካነር ከዊንዶውስ 98 ጋር አገናኘ፤ ስክሪኑም ወዲያው ሰማያዊ የስህተት ገጽ ሆነ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

በዓመቱ፣ በ1999፣ ሦስት ቡድኖች ለአንድ ችግር ሦስት መፍትሔ ይዘው መጡ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በጃቫ ላይ የቆመውን ጂኒ ለገበያ አቀረበ። የኢንተርኔትን ደንቦች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ደግሞ «ዜሮኮንፍ» የተባለ የሥራ ቡድን አቋቋመ፤ የዚህ ሥራ ዋና ሰው የነበረው ስቱዋርት ቼሻየር ነው፤ አፕልም ውጤቱን በ2002 «ራንዴቩ» ብሎ አወጣው፤ በስም ይገባኛል ክርክር ምክንያት በ2005 «ቦንዡር» አለው። ሦስተኛው በኦክቶበር 1999 በማይክሮሶፍት ግንባር ቀደምትነት የተመሠረተው የዩፒኤንፒ ፎረም ነው። የእኛ ታሪክ ይበልጥ የሚከተለው ይህንን ሦስተኛውን ነው።

ዩፒኤንፒ እንዴት ይሠራል? አንድ ዕቃ ኔትወርኩ ውስጥ ሲገባ 239.255.255.250 ወደሚባል የጋራ አድራሻ «መጥቻለሁ፣ እኔ ፕሪንተር ነኝ» ብሎ ይጮኻል። ወይም ኮምፒውተሩ «ቤቶች! ማን አለ?» ሲል የሰማው ሁሉ «አቤት» ይላል፤ የሚችለውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድም ያሳያል። ከዚያ በኋላ ያዘዘውን መታዘዝ ነው። ዲስክ የለም፣ ቁጥር መሙላት የለም። «ማነው?» የሚል ጥያቄም የለም።

ለምን ቢባል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ቤተሰብ ነው ተብሎ ታስቦ ነው። በ1999 ይህ ሐሳብ ሞኝነት አልነበረም። በአብዛኛው ቤት አንድ ኮምፒውተር ቢኖር ነው፤ ዕቃዎቹም ሚስጥራዊ ቁልፍ ለማስላት የሚበቃ አቅም አልነበራቸውም። በ2003 የደኅንነት ተጨማሪ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ አምራቾች ግን እምብዛም ዞር ብለው አላዩትም። ደንበኛ የሚገዛው ቶሎ የሚሠራ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ቶሎ መጣ። ዊንዶውስ ኤክስፒ በኦክቶበር 2001 ለገበያ ቀርቦ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በዩፒኤንፒ አገልግሎቱ በኩል ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ደንብ ደግሞ ነገሩን ወደ አጥሩ አደረሰው። ራውተር የቤቱ ዘበኛ ነው ብንል፣ አዲሱ ደንብ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ዘበኛውን «በሩን ክፈትልኝ» እንዲለው ፈቀደ። ለኢንተርኔት ጨዋታና ለድምፅ ጥሪ በጣም ምቹ ነበር። ባለቤቱ ግን አይጠየቅም፤ በሩ መከፈቱንም ላያውቅ ይችላል።

በዚህ መሃል ሌላ ማኅበር ብቅ አለ። በጁን 2003 ሶኒ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያሉበት 17 ኩባንያዎች ተሰባሰቡ፤ በ2004 ዲኤልኤንኤ ተባሉ። ዩፒኤንፒ ዕቃዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ይናገራል እንጂ፣ ቴሌቪዥኑ ከኮምፒውተሩ የመጣለትን ፊልም ማጫወት መቻሉን አያረጋግጥም ነበር። ዲኤልኤንኤ ሁሉም ዕቃ ሊያውቃቸው የሚገቡ የፎቶ፣ የድምፅና የቪዲዮ ዓይነቶችን ወሰነ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ማኅበሩ በቅጂ መብት የተጠበቁ ፊልሞች እንዳይሰረቁ ዕቃዎች እርስ በርስ «ማነው?» የሚባባሉበትን የቁልፍ ዘዴ በደንቡ ውስጥ አስገብቷል። ጥያቄውን መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ለፊልሙ ባለመብት ተጠየቀ፣ ለቤቱ ባለቤት አልተጠየቀም።

በ2007 የመጣው ዋይፋይን በቀላሉ የማገናኛ ዘዴ፣ ደብሊውፒኤስ፣ ቢያንስ ጠይቋል፤ አጠያየቁ ግን ጉድ ነው። ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ሲባል አንድ መቶ ሚሊዮን ሙከራ የሚጠይቅ ይመስላል። ራውተሩ ግን የመጀመሪያዎቹ 4 አኃዞች ትክክል መሆናቸውን ለብቻ ይናገራል፤ ከቀሩት 4ቱም የመጨረሻው ከሌሎቹ የሚሰላ ነው። ስለዚህ 10,000 እና 1,000፣ በድምሩ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ በይፋ የታወቀው በዲሴምበር 2011 ነው።

ትልቁ ሒሳብ የተወራረደው በጃንዋሪ 2013 ነው። ራፒድ7 የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ኢንተርኔቱን ከውጭ ሆኖ «ቤቶች!» እያለ ዞረ። ከ80 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች «አቤት» አሉ። ለቤት ውስጥ ብቻ የታሰበ ጥሪ ነበር እኮ! ከ40 እስከ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ ዕቃዎችም ለጥቃት የተጋለጡ መሆናቸውን ኩባንያው ገመተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅበራቱ አንድ በአንድ ተዘጉ። የዩፒኤንፒ ፎረም በ2016 መጀመሪያ ሥራውን ለሌላ ድርጅት አስረከበ፤ ዲኤልኤንኤ በጃንዋሪ 2017 ፈረሰ። በዲሴምበር 2019 አማዞን፣ አፕል፣ ጎግልና የዚግቢ ኅብረት አብረው እንደሚሠሩ አስታወቁ፤ «ማተር» የተባለው ደንባቸው በኦክቶበር 2022 ወጣ። በማተር እያንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ የመታወቂያ ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣል፤ ባለቤቱም በላዩ ላይ ያለውን ኮድ በስልኩ አንስቶ ያስገባዋል። «ማነው?» ተጠየቀ፤ የወሰደውም ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከ1999 እስከ 2022 ስንቆጥር 23 ዓመት።

ቀላልነትን የሚጠላ የለም፣ እኛም አንጠላም። ያ ሁሉ ዲስክና ቁጥር ይመለስ የሚልም አይኖርም። ነገር ግን አዲስ ደንብ የድሮውን ዕቃ አይጠግንም፤ ማኅበር ሲፈርስ ራውተሩ ከመደርደሪያው አይወርድም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የራውተራችሁን ማስተካከያ ገጽ ክፈቱና ዩፒኤንፒ የሚለውን ፈልጉ። የሚያስፈልገው ጨዋታ ወይም ዕቃ ከሌላችሁ አጥፉት። ደብሊውፒኤስንም እንዲሁ። እኛ የየራሳችንን ስናይ አንዳችን ብቻ ነበርን ያጠፋነው።