የፖታሽየም ማዳበሪያ በጓሮ አትክልት አፈር ውስጥ ያለው ባሕርይና የሚቆይበት ጊዜ

ፖታሽየም ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ጋር ዕፅዋት በብዛት ከሚፈልጓቸው ሦስት ዋና ዋና የማዳበሪያ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። የተክሉን የውኃ አጠቃቀም ያስተካክላል፤ በቅጠል የተዘጋጀው ምግብ ወደ ፍሬና ወደ ሥር እንዲጓዝም ያግዛል። ዩሪያና ዳፕ ፖታሽየም የላቸውም። ስለሆነም እነዚህ ብቻ ለዓመታት በተጨመሩበት ጓሮ እጥረቱ ሊከሰት ይችላል።

በአፈር ውስጥ ያለው ባሕርይ

ማዳበሪያው በእርጥበት ሲሟሟ የሚለቀቀውን ፖታሽየም የሸክላና የብስባሽ ቅንጣቶች በገጽታቸው ላይ ይዘው ያስቀሩታል። ሥሮች በአፈሩ ውኃ ውስጥ ያለውን ሲወስዱ የተያዘው እየተለቀቀ ይተካዋል። ከፊሉ በአንዳንድ የሸክላ ማዕድናት ንብርብሮች መካከል ገብቶ ይታሰራል፤ ይህ ክፍል ሳይጠፋ ቀስ በቀስ ይለቀቃል። ፖታሽየም እንደ ናይትሮጅን ወደ አየር ተንኖ አይባክንም።

የሚቆይበት ጊዜ

የቆይታው ጊዜ እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል። በሸክላማ አፈር የተረፈው ለቀጣዩ የምርት ወቅት ሊያገለግል ይችላል። በአሸዋማና ብስባሽ ባነሰው አፈር ግን በክረምት ዝናብ ታጥቦ ከሥር በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ መጠኑን ከፋፍሎ መጨመር ይመረጣል። ምርቱም ፖታሽየም ይዞ ይወጣል፤ በተለይ ድንች፣ ቲማቲምና ሙዝ ብዙ ይወስዳሉ። ጤነኛ የሆነውን ተረፈ ምርት በኮምፖስት መልክ ወደ መሬቱ መመለስ ብክነቱን ይቀንሳል።

የእጥረትና የመብዛት ምልክቶች

እጥረቱ በቅድሚያ የሚታየው በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ ነው፤ ጠርዛቸው ቢጫ ይሆንና ቆይቶ የተቃጠለ ይመስላል። ከመጠን በላይ ሲጨመር ደግሞ ተክሉ ማግኒዥየምና ካልሲየም በበቂ እንዳይወስድ ስለሚያደርግ፣ ወጪውም ምርቱም ይባክናል።

የእንጨት አመድ አጠቃቀም

የእንጨት አመድ ፖታሽየም አለው፤ የአፈርን አሲዳማነትም ይቀንሳል። ፖታሽየሙ በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ አመዱ ዝናብ በማያገኘው ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። አሲዳማ ባልሆነ አፈር ላይ ማብዛት፣ እንዲሁም ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር መቀላቀል አይመከርም፤ ቅልቅሉ ናይትሮጅንን በአሞኒያ ጋዝ መልክ ያባክናል።

ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት

ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በአፈር ምርመራ ነው። ናሙናው ከጓሮው የተለያዩ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ በንጹሕ ዕቃ ይደባለቃል፤ አመድ ወይም ፍግ ከተከመረበት ቦታ ግን አይወሰድም። ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ ምርመራ አገልግሎት በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማማከር ይቻላል።