ጥራጊ ተብሎ የተሸጠ ሀብት

ማናቸውም የሥራ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ በአንድ ወገን ገቢውን፥ በሌላው ወገን ወጭውን ይጽፋል። ጥራጊ ግን ብዙ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ቦታ የለውም፤ ወይ ይጣላል፥ ወይም በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ፥ አንድ ታላቅ የባሕር ምግብ ኢንዱስትሪ ጥራጊ ነው ብሎ የሸጠው ነገር የገዛ ራሱ መሠረት ሆኖ እንደ ተገኘ የሚያስረዳ ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ፥ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ምሥራቅ፥ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ምድር ሰንጥቆ በሚገባው በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ኦይስተር የሚባል እንስሳ ይኖራል። በአገራችን ገበታ ላይ የተለመደ ስላልሆነ ጠባዩን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ኦይስተር ለስላሳ ሥጋው ደንጊያ በሚመስሉ በሁለት ዛጎሎች መካከል የተዘጋ ፍጥረት ነው። በተወለደ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል በውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይቆይና በጠንካራና በንጹሕ ነገር ላይ ተጣብቆ ዕድሜውን ሁሉ በዚያው ይኖራል። ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የቀደሙት ኦይስተሮች ዛጎል ነው፤ በጭቃ ላይ ካረፈ ግን ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ የሙታኑ ዛጎል ለሕያዋኑ ቤት ነው ማለት ነው።

ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ የኦይስተር ንግድ እጅግ ተስፋፋ። በ1865 የሜሪላንድ ሕግ በሸራ የሚሄዱ ጀልባዎች የባሕሩን ወለል በብረት መቧጠጫ እንዲያስሱ ፈቀደ። በ1866 የባቡር ሐዲድ ዛሬ ክሪስፊልድ ከምትባለው ወደብ ደረሰ። በባልቲሞርም ኦይስተሩን በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች በረከቱ። ከ1884 እስከ 1885 ባለው የመልቀሚያ ወራት ከሜሪላንድ ውሃ ብቻ 15 ሚሊዮን ቡሽል ያህል ወጣ፤ የዚህ ቡሽል ልክ 46 ሊትር ገደማ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበላው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ዛጎል ነው። በየፋብሪካው ደጅ ዛጎሉ እንደ ኮረብታ ተከመረ። ከፊሉ ለመንገድ ማንጠፊያ ዋለ፤ ከፊሉ ተቃጥሎ ኖራ ሆነ፤ ከፊሉም ተፈጭቶ ለእርሻና ለዶሮ መኖ ተሸጠ። የክሪስፊልድ ከተማ አንዱ ክፍል እንኳ የተሠራው በዛጎል ክምር ላይ ነው። ባለ ፋብሪካውም ደጁ ስለ ጸዳለት፥ ጥቂት ገንዘብም ስለ ገባለት ደስ አለው። በባሕሩ ወለል ግን የሚወለዱት የሚያርፉበት ቤት በየዓመቱ ይፈርስ ነበር። የበሉበትን ወጪት መስበር የሚባለው ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያም አልታጣም። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዊልያም ብሩክስ በ1891 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ባሕሩ እንደ እርሻ ካልተያዘ ሀብቱ እንደሚያልቅ አስረዱ፤ ምክራቸው ግን በጊዜው ብዙ ተቀባይ አላገኘም።

ምርቱ ሲያንስ ወጭው አብሮት አላነሰም። ጀልባው መጠገን አለበት፤ ሠራተኛውም ደመወዙን ይጠብቃል። በ1890ዎቹ ትላልቆቹ ጀልባዎች ወጭያቸውን መሸፈን ስላቃታቸው፥ ስኪፕጃክ የተባለ በርካሽ የሚሠራ ጀልባ ወጣ። ብልሃቱ የብዙ ሰው እንጀራ አቆየ፤ ይሁን እንጂ ወጭን መቀነስ የጎደለውን ሀብት መተካት አይደለምና ችግሩ ከሥሩ አልተነቀለም። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደግሞ ሁለት የኦይስተር በሽታዎች ተጨመሩበት። ከ2003 እስከ 2004 ባለው የመልቀሚያ ወራት የሜሪላንድ ምርት 26 ሺህ ቡሽል ያህል ብቻ ሆነ።

ቀድሞ በርካሽ የተሸጠውን ነገር መልሶ ማግኘት ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። ከ1960 እስከ 2006 የሜሪላንድ መንግሥት ከባሕር በታች የተቀበረ አሮጌ ዛጎል እያስቆፈረ በኦይስተሩ መደብ ላይ ያስነጥፍ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የኦይስተር መልሶ ማልሚያ ማኅበር ከየምግብ ቤቱ ዛጎል ይሰበስባል። ዛጎሉ በሜዳ ላይ ተከምሮ ከቆየና ከታጠበ በኋላ ግልገል ኦይስተሮች እንዲጣበቁበት ተደርጎ ወደ ውሃው ይመለሳል። መንግሥትም ዛጎል ለሚመልሱ ሰዎች የግብር ቅናሽ ደነገገ። የሚገኘው ዛጎል ግን ዛሬም ከሚፈለገው ያነሰ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ የዚያ ዘመን ባለ ፋብሪካዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ መዝገባቸውንም በትክክል ይዘዋል። ጉድለቱ ከዛጎሉ ሽያጭ የተገኘውን ገንዘብ በገቢ በኩል ሲጽፉ፥ ከዋናው ሀብት የተቀነሰውን የሚጽፉበት ዓምድ አለመኖሩ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ነገር የማይጠቅም ነው ብለን ከመዝገብ ከመሰረዛችን በፊት፥ የሚመጣው ዓመት ሥራ በምን ላይ እንደሚቆም መጠየቅ ይገባናል።