ግዝትና ግዞት

አውቶቡሳችን ሰው ሊጭን ሱሉልታ ላይ ሲቆም ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ደብረ ሊባኖስ ሊሳለሙ ነው የሚሄዱት። «አንተስ ልጄ?» አሉኝ። ፍቼ እንደምሄድ ነገርኳቸው፤ ልጅ ኢያሱ የታሰሩበትን ከተማ ለማየት። «እስር ቤት ደግሞ ማን ይሳለማል!» ብለው ሳቁ። እስከ ጫንጮ ድረስ ሳስበው ግን የሁለታችን መንገድ የአንድ ታሪክ መንገድ ሆኖ ታየኝ፤ የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ትግል።

ይህ ትግል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአውሮፓውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1076 የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 7ኛ የጀርመኑን ንጉሥ ሄንሪ 4ኛን አወገዘ፤ ሕዝቡንም ከመሐላው ፈታ። በዓመቱ ጥር ላይ ንጉሡ በካኖሳ ግንብ ደጅ፣ በዚያ ብርድ፣ ባዶ እግሩን ለሦስት ቀን ምሕረት ለመነ። ያው ሄንሪ በ1084 ሮማን ይዞ ፓፓውን እንዳሰደደ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሣው።

የእኛው ለየት ይላል። ፓፓው የራሱ ግዛትና ከጎኑ የሚሰለፉ መሳፍንት ነበሩት። የእኛ ጳጳስ ግን ከእስክንድርያ የሚላክ ግብጻዊ መነኩሴ ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቅ ይመጣ ነበር፤ መተዳደሪያውም ንጉሡ የሰጠው መሬት ነበር። ስለዚህ ንጉሥን ፊት ለፊት መገሠጽ በአብዛኛው የወደቀው በገዳም ሰዎች ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 የነገሡት ዐፄ ዐምደ ጽዮን የአባታቸውን ሴት አግብተዋል ተብሎ አባ አኖሬዎስ ገዘቷቸው። ንጉሡም መነኩሴውን አስገረፏቸው። በዚያው ሌሊት የንጉሡ ሰፈር ተቃጠለ፤ የመነኩሴው ደም ነው እሳት የሆነው ይላል ትውፊቱ። እኔ እሳቱን ብጠራጠር እንኳ ጅራፉን አልጠራጠርም። ያን ጊዜ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው የደብረ ሊባኖስ አበምኔት አቡነ ፊልጶስም ተጋዙ። በልጃቸው በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ነገሩ ተደገመ። በዚህኛው ጊዜ ጳጳሱም አልቀሩም፤ ንጉሡ በአንድ ሚስት ይጽኑ ያሉት አቡነ ያዕቆብ ወደ ግብጽ ተባረሩ፤ ፊልጶስም እንደተሰደዱ አረፉ።

ክርክሩ ሁሉ ስለ ሚስት መሆኑ ለዛሬ አንባቢ ያስገርም ይሆናል። ለነገሥታቱ ግን ጋብቻ ከየአገሩ ባላባት ጋር መወዳጃ ነበር። በዚያ ላይ «አይሆንም» ማለት መንግሥት የሚሠራበትን ገመድ መንካት ነው። የግዞቱም ነገር አስቂኝ ጎን አለው፤ ነገሥታቱ ዝም ለማሰኘት ወደ ዝዋይ ደሴቶችና ወደ ሰሜን የበተኗቸው መነኮሳት በየደረሱበት ደቀ መዝሙር አፈሩ።

ከዚያ ወደ ፍቼው እስረኛ ልምጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መኳንንት ልጅ ኢያሱን ሃይማኖት ለውጠዋል ብለው ከሰሱ። አቡነ ማቴዎስም ለኢያሱ የተገባውን መሐላ ፈቱ፤ ዘውዱ ለዘውዲቱ ሆነ። ፓፓ ጎርጎርዮስ ያደረገው ይኸንኑ ነበር። አባ አኖሬዎስ ግዝት ብቻ ይዘው ጅራፍ ቀመሱ፤ አቡነ ማቴዎስ ግን ከኋላቸው የሸዋ ጠብመንጃ ነበረ። ወሩ ሳያልፍ ሰገሌ ላይ የኢያሱን አባት የንጉሥ ሚካኤልን ጦር የሰበረው እሱ ነው። ኢያሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በራስ ካሣ ጠባቂነት ፍቼ ተቀመጡ፤ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙና ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። አሁን ደግሞ ገዛቹ ሳይሆን የተገዘተው ተጋዘ።

ይህን በአጭሩ ለእናቲቱ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ላይ ሲወርዱ ዘወር አሉና፣

«የእስረኛህ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉኝ።

አላወቅኩም።

«ግድ የለም፤ ኢያሱ ብዬ አስጠራለታለሁ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን ያዙ።