ካሜራ ሲሸጥ ምን ይሸጣል?

በአገራችን የፎቶግራፍ የመጀመሪያው ዘመን ታሪክ በአመዛኙ የጦርና የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ የሚያነሱ መሐንዲሶች አብረውት ነበሩ። ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ለልጆቹ አወረሰ።

ምዕራብ ጎጃምን ካሜራ በሰፊው የጎበኘው በጦርነት ጊዜ ነው። በየካቲት 1933 መጨረሻ ጠላት ቡሬን ለቆ ወጣ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም፣ በሚያዝያ ወር ደምበጫ ምሽግ ውስጥ የተነሳ ፎቶግራፍ አለ። መግለጫው ዐፄ ኃይለ ሥላሴን፣ ሳንፎርድንና ዊንጌትን በስም ይጠራል። ስንቅ ያቀበለው፣ መንገድ የመራው ባላገር ግን በመግለጫው ውስጥ ስም የለውም።

የእኛ ቤት ካሜራ ከዚህ በተለየ መንገድ የመጣ ነው። አያቴ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። በ1950ዎቹ በርበሬ ሸጠው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አግፋ ኢሶሌት የተባለውን ታጣፊ የጀርመን ካሜራ ገዝተው መጡ። ሲታጠፍ ኮት ኪስ ይገባል፤ ቁልፉ ሲጫን ፊቱ ይከፈትና ሌንሱ እንደ አኮርዲዮን በታጠፈው መያዣው ላይ ወደ ፊት ይወጣል። ርቀት የሚለካ መሣሪያ ስለሌለው አያቴ በእርምጃ ይለኩ ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሳው አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለክርስትና የሚጠበቅ ነገር ነበር።

ካሜራውን ለመሸጥ ቤተሰቡ የተሰበሰበው ፍኖተ ሰላም በምትኖረው አክስቴ ምክንያት ነው። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ለሕክምናው ገንዘብ ያስፈልጋል። ለመግዛት የመጣው ሰው ሙያውን ያውቃል። ካሜራውን ከፍቶ በጨለማ ክፍል በውስጡ ባትሪ አበራና የታጠፈውን ክፍል ማዕዘኖች አየ። በመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብርሃኖች ወጡ። የሌንሱ ማዞሪያም ቅባቱ ደርቆ አልላወስ ብሏል። በዚህ ዓይነት ካሜራ ላይ ሁለቱም የተለመዱ ጉድለቶች ናቸው፤ ዋጋውንም ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉትን ነጋቲቮች ሲያይ ለእነሱ ከካሜራው የበለጠ ሰጠ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሳ። ከእኛ አንዳንዱ፣ «ነጋቲቭ አይበላ፣ አይጠጣ፤ የሰው ዓይን ይበልጣል» አለ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። አክስቴ ግን፣ «እናንተ ልጆች፣ ካሜራውን ሽጡት። እኔ ዓይኔ ይዳን የምለው ማንን ላይ ብዬ ነው?» አለች።

አንባቢ ማንኩሳን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቃታል። በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም አገር ሁሉ ያውቃል። አያቴ በማንኩሳና በቡሬ ገበያ ያነሷቸውን እውነተኛ ሰዎች ስም የምታውቅ ግን አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች።

ፊትና ስም አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ያህል ጉልበት እንዳላቸው የጎጃም ገበሬ ከመሬት ደብተሩ ያውቃል። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ሚስት በመሬቱ ላይ ያላት መብት በስሟም በመልኳም እንዲታወቅ ነው። መልኳ ያለ ስም ቢለጠፍ ኖሮ ማን ናት ተብሎ ይቀር ነበር። የቤተሰብ ፎቶግራፍም እንደዚያው ነው። ነጋቲቩን የሚገዛ ሰው መልኩን ይወስዳል፤ ስሙ ግን አብሮት አይሄድም። ገበያ ላይ ሲደርስ «የጥንት ኢትዮጵያውያን» ከመባል አያልፍም።

በዚህ ምክንያት ካሜራውን ሸጥን፤ ነጋቲቮቹን አስቀረን። የጎደለውን ገንዘብ ቤተሰቡ አዋጥቶ የአንደኛው ዓይኗ ሞራ ተነሳ። አሁን ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያየች ትነግረናለች፤ እኛም ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ከጀርባቸው በእርሳስ እንጽፋለን። ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ምስሉን ስለሚያበላሽ እርሳስ ይሻላል። ቤቱ የቆየ ፎቶግራፍ ያለው አንባቢም ስሙን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቢጽፍ መልካም ነው።

እስካሁን የአርባ አንድ ሰዎችን ስም ጽፈናል። ሰባቱን አክስቴም አላወቀቻቸውም። ለበዓል ቡሬ ስንሄድ ለሽማግሌዎቹ እናሳያቸዋለን።