ካብ የካቡ ካህናት

ስሙኝማ፣ የአሽኬሎን ልጆች! እዚህ ማሪና ዳር ተቀምጣችሁ የምነግራችሁ ተረት አይደለም። ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ ከመጡበት ከጎንደር ምድር የተገኘ፣ እውነተኛ ወሬ ነው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዓይን እስኪደክም ድረስ እርሻና ግጦሽ ነው። ከእርሻው መሀል ግን እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ደን ታያላችሁ። ደን ካለ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ያገሩ ሰው ደኑን እንደ ደብሩ ልብስ ያየዋል፤ ዛፍ የሌለው ደብር ራቁቱን የቀረ ይመስለዋል። ሌላው አገር ሲመነጠር ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው እዚያ የተረፉት ለዚህ ነው። መጥረቢያውን የያዘው ሰው ፈጣሪውን ፈርቶ እጁን ሰበሰበ።

ከብት ግን ግዝት አያውቅም። ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ቡቃያውን ይግጣል፣ የቀረውን በሰኮናው ይደፈጥጣል። ገበሬውም በየዓመቱ አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም እየጨመረ ዳሩን ይገፋል። ትልልቆቹ ዛፎች እንደቆሙ ናቸው፤ የሚተካቸው ግን የለም።

ይህን ልብ ብለው ያዩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ «እመጓ»ን የጻፉት ያው እሳቸው። የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዘገቡ። በ2007 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጥናት ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በዓመቱ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ተገናኙ። ሁለቱ ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አሳዩአቸው። ካህናቱ ደናቸው ከላይ ሲታይ ምን ያህል እንደጠበበ አዩና መላውን ራሳቸው አመጡ፤ «ካብ እንካብ» አሉ።

እንግዲህ ካቡን በዓይነ ልቦናችሁ እዩት። ገበሬው ማረሻውን የሚያደናቅፈውን ድንጋይ ከማሳው ይለቅማል፤ ተሸክሞ ደኑ ዳር ያደርሰዋል። ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ ይወጣል። በሩ ለምእመን ይከፈታል፣ ለከብት ይዘጋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከሰኮና ዳነ። ከካቡ ወዲያ ቡቃያው ቀና አለ።

ይህ ነገር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1990 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮን ጥበቃ የእምነት ግዴታ ብላ ወሰነች። ዛሬ ምድርን ለመጠበቅ ቃል የሚገቡት አጥቢያዎቿ ቃላቸውን በአራት ነገር ያሳያሉ፤ በአምልኮ፣ በትምህርት፣ በሕንፃቸው አያያዝና ለአካባቢያቸው በሚሠሩት ሥራ። ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ፣ የመብራቱና የቆሻሻው ነገርም ይታሰባል።

የእኛስ ኦሪት? ከተማ ተከቦ እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ አትቁረጥ ይላል። ምድርን በሰባተኛው ዓመት አሳርፋት ይላል። ሕጉ አለን፤ የጎደለን ካቡ ነው።

ይህን ባሕር ተመልከቱ። በበጋው ወራት የባሕር ኤሊ ሌሊት ከውኃ ወጥታ አሸዋውን ትምሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ሸፍናው ትመለሳለች። እናንተ ከሽርሽር ስትነሡ ነፋስ የወሰደው ፌስታል ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ለእሷ የምትበላው ሜዱዛ ይመስላታል። ትውጠዋለች፤ አንጀቷን ይዘጋዋል። እዚህ ጥፋቱን የምናመጣው እኛው ነን፤ ካቡም የሚሠራው በእኛው እጅ ነው።

ስግድ ቃል ኪዳን የሚታደስበት ቀን ነው። ከስግድ አስቀድሞ ያለውን አንድ ቀን ለዚህ ዳርቻ እንስጠው። ቄሶቻችን ይምሩን፤ ሽማግሌው ከወጣቱ ጋር ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ይልቀም። ያን ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ አፋችን የሚናገረውን እጃችን ሠርቶት እንወጣለን።