ሽትሮመር የለመነለት አጥንት

ሚያዝያ 16 ለ17 አጥቢያ፣ 1936 ዓ.ም.። የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ሙኒክን ሲያነዱ አሮጌው የአካዳሚ ሕንፃም አብሮ ነደደ። በውስጡ ስፒኖሰረስ የሚባለው ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር አጥንት ነበር።

አጥንቱን እ.ኤ.አ. በ1912 ከግብፅ የባሕሪያ በረሃ ያወጣው ሪቻርድ ማርክግራፍ ነው፤ በ1915 ስም ያወጣለት ደግሞ አሠሪው፣ የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኤርንስት ሽትሮመር። የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ፣ ጥርሶች፣ ጥቂት የጀርባ አከርካሪዎች፣ ከዚህ ብዙም አይዘልም። ከአከርካሪዎቹ ሽቅብ ከሚነሱት ዘንጎች አንዱ ግን 1.65 ሜትር ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ ማለት ነው።

ሽትሮመር የኑረምበርግ ባላባት ዘር ነው። ናዚዎችን ይጠላል፤ ጥላቻውንም አይደብቅም። አጥንቶቹ ያሉበት ስብስብ ኃላፊ ካርል ቦይርለን ደግሞ የለየለት ናዚ። ሽትሮመር አጥንቶቹ ከከተማ ይውጡ ብሎ ለመነ፤ ቦይርለን እምቢ አለ። ለምን? አንዱ ትረካ ዕቃ ማሸሽ ሽንፈትን እንደማመን ይቆጠር ስለነበር ነው ይላል። ሌላው ነገሩን ከቂም ያያይዘዋል። በእርግጥ በዚያ ዘመን ስለ ሽንፈት ማውራት ያስፈራ ነበር። ይሁንና ያው ልመና ከታማኝ የፓርቲ አባል አፍ ቢወጣ ኖሮ፣ ጥቂት ሣጥን የሚጭን መኪና የሚጠፋ አይመስለኝም።

ሽትሮመር በጦርነቱ ሁለት ወንዶች ልጆቹንም አጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሞተ። ከአጥንቱ የተረፉት የእርሱ ሥዕሎችና ጽሑፎች፣ እንዲሁም በ2000 የተገኙ ፎቶግራፎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኒዛር ኢብራሂም የተባለ ተመራማሪ ሞሮኮ፣ ኤርፉድ ከተማ ውስጥ አንድ ሪዛም ሰው በካርቶን የያዘውን አጥንት አየ። በዓመቱ ሚላኖ ሙዚየም ውስጥ የዚያኑ እንስሳ የሚመስል ሌላ አጥንት አሳዩት። አጥንቱ የወጣበትን ቦታ የሚያውቀው ሪዛሙ ብቻ ነው፤ ስሙን ግን አልያዘውም። ኤርፉድ ተመልሶ ሲፈልገው ከርሞ ተስፋ ቆርጦ ካፌ እንደተቀመጠ፣ ሰውየው በፊቱ አለፈ!

ሰውየው ቦታውን አሳየው፤ ቁፋሮው በዚያ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ መቅዘፊያ የሰፋው የስፒኖሰረስ ጅራት ይፋ ሆነ። ጠልቆ ይዋኝ ነበር ወይስ ዳር ቆሞ ዓሣ ያጠምድ በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። የሚላኖው ድርሻ ወደ ሞሮኮ ተመልሶ ከቀሪው አካሉ ጋር ካዛብላንካ፣ ዳግማዊ ሐሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል።